ከባሩ በፊት ሊትሩን ይጠይቁ፦ ለመኪና እጥበት የቤንዚን ማሽን አመራረጥ

መርካቶ ገብተው ባለግፊት የመኪና ማጠቢያ ማሽን ቢጠይቁ ነጋዴው መጀመሪያ የሚጠራልዎ ቁጥር የግፊቱን ነው። «ይሄኛው 170 ባር፣ ያኛው 250» እያለ ዋጋውንም ከቁጥሩ ጋር ይሰቅለዋል። መኪና ለማጠብ ግን 250 ባር ትርፍ ብቻ ሳይሆን ጠንቅም ነው። ቀለም ያነሳል፣ የመስኮት ላስቲክ ይቦጭቃል፣ የተለጠፈ ጌጥ ይገነጥላል። ጭቃውን ከጎማው ቤት ጠርጎ የሚያወርደው፣ ሻምፖውን ከቀለሙ ላይ ቶሎ የሚያለቀልቀው፣ በቀን ስንት መኪና እንደሚያጥቡ የሚወስነው በደቂቃ የሚወጣው ውሃ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል የማስቀምጠው አመራረጥ ከሊትር ተነስቶ ወደ ግፊት፣ ከግፊት ወደ ሞተር፣ ከሞተር ወደ ፓምፕ ይሄዳል። ሱቅ ውስጥ የሚሄደው በተገላቢጦሽ ነው።

አንደኛ፦ ቤንዚን የግድ መሆኑን ያረጋግጡ

ኢንተርኔት ላይ የሚያገኙት ምክር በብዛት አሜሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ነው። «ለሥራ ከሆነ የቤንዚኑን ግዛ» ይላል፤ ለእነሱ ትክክል ነው። የአሜሪካ ቤት ሶኬት 120 ቮልት ነው፣ ተራው መስመር ደግሞ 15 አምፒር ብቻ ይሸከማል። ከአንድ ሶኬት የሚገኘው ኃይል 1.8 ኪሎዋት ላይ ይቆማል ማለት ነው። በዚህ ኃይል የሚሠራ ማሽን በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ቢያወጣ ነው። እኛ አገር መስመሩ 220 ቮልት ነው። 16 አምፒር የሚሸከም ጤናማ ሶኬት 3.5 ኪሎዋት ይሰጣል፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። በዚያ የሚሠሩት የባለሙያ ማሽኖች በደቂቃ ከ8 እስከ 10 ሊትር ከ130 እስከ 150 ባር ባለው ግፊት ያወጣሉ። ለቤት መኪና ከበቂ በላይ ነው።

እንግዲህ ቋሚ ቦታ፣ የራስዎ ቆጣሪና ብዙ የማይጠፋ መብራት ካለዎት እዚህ ላይ ያቁሙና የኤሌክትሪኩን ይግዙ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ጭስ የለውም፣ ካርቡሬተር የለውም። የቤንዚን ማሽን ቦታው ሌላ ነው፤ ደንበኛው ደጅ ድረስ ሄደው ለሚያጥቡ፣ ቆጣሪ ያልገባለት ባዶ ቦታ ላይ ላቫጆ ለከፈቱ፣ መብራት ሲሄድ ሥራ ማቆም ለማይችሉ። አንዳንዶች የኤሌክትሪክ ማሽን በጄኔሬተር ለማስነሳት ያስባሉ። የኤሌክትሪክ ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት የሚስበው ኃይል ከመደበኛው በብዙ እጅ ስለሚበልጥ ትልቅ ጄኔሬተር ይጠይቃል፤ በዚያ ገንዘብ ደህና የቤንዚን ማሽን ይገኛል።

ከመግዛትዎ በፊት የነዳጁን ጉዳይ ይጨርሱ። ማሽኑ ተነድቶ ማደያ አይገባም፣ ቤንዚን በጀሪካን መቅዳት ደግሞ በቁጥጥር ሥር ያለ ነገር ነው። የሚቀዱበትን ማደያና የአካባቢዎን አስተዳደር ጠይቀው፣ ፈቃድ ወይም የድጋፍ ደብዳቤ የሚያስፈልግ ከሆነ አስቀድመው ይያዙ። ለግምት ያህል፣ 196 ሲሲ የሆነው የሆንዳ ሞተር በሙሉ ጫና ሲሠራ በሰዓት 1.7 ሊትር ይፈጃል፤ ታንከሩ የሚይዘው 3.1 ሊትር ነው። የውሃ መርጫ ሽጉጡ ተከፍቶ የሚቆየው በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ወጪው ከሚፈሩት ያንሳል፤ ነዳጁን ማግኘቱ ነው ጭንቁ።

ሁለተኛ፦ ያለዎትን ውሃ ይለኩ

20 ሊትር የሚይዘውን ቢጫ ጀሪካን ቧንቧው ሥር ያስቀምጡና እስኪሞላ በስልክዎ ሰዓት ይያዙ። 90 ሰከንድ ከፈጀ በደቂቃ 13 ሊትር እየመጣልዎ ነው፤ ለ10 ሊትር ማሽን ይበቃል። ሁለት ደቂቃ ከፈጀ የሚመጣው 10 ሊትር ብቻ ነው፤ ጎረቤት ቧንቧውን በከፈተ ቁጥር ማሽኑ ይራባል። ወደ ፓምፑ የሚገባው ውሃ ከሚወጣው ቢያንስ በሲሶ ቢበልጥ ነው ሰላም የሚኖረው።

የተራበ ፓምፕ ምን ይሆናል? ውሃ ሲያጥረው ውስጡ ጥቃቅን የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋው ሲፈነዳ ብረቱንና ማኅተሙን (ሲሉን) እየነከሰ ይበላዋል። ድምፁ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ ሲናጥ ይመስላል። አብዛኛው «ፓምፑ ፎርጅድ ነበር» ተብሎ የሚጣል ማሽን የሞተው በዚህ ነው፤ ነጋዴው የተሰደበው በከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ሁሉ ልኬት ወደ አንድ መልስ ይወስድዎታል፤ ሮቶ ያስፈልግዎታል። ስንት ሊትር የሚይዝ? አንድ ቪትዝ በወግ ሲታጠብ ሽጉጡ የሚከፈትበት ጊዜ ቢደማመር ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ነው። በ10 ሊትር ማሽን ከ60 እስከ 80 ሊትር መሆኑ ነው። ስለዚህ 500 ሊትር ከስድስት እስከ ስምንት መኪና ያጥባል። ፒክአፕ ላይ ጭነው የሚዞሩ ከሆነ 500 ሊትር ውሃ ብቻውን 500 ኪሎ መሆኑን አይርሱ፤ ማሽን፣ ቱቦና ሁለት ሠራተኛ ሲታከልበት የአንድ ቶን ፒክአፕ የቀረው ትርፍ ትንሽ ነው። በከፊል የጎደለ ሮቶ ደግሞ ኩርባ ላይ ውሃው ወደ አንድ ጎን ሲሄድ መኪናውን ይስባል። በመካከሉ መከፋፈያ ያለው ታንከር ቢያገኙ ይምረጡ፤ ካልሆነም አጥብቀው ይሰሩትና ቀስ ብለው ይንዱ።

ሮቶውን ከፓምፑ ከፍ አድርገው ያስቀምጡ። ውሃው በራሱ ክብደት ወደ ፓምፑ መውረድ አለበት እንጂ ፓምፑ ከታች እየመጠጠ እንዲያወጣ አያስገድዱት። ይህ ለየትኛውም አገር የሚሠራ ምክር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን የባሰ ግድ ይሆናል። ፓምፕ ውሃ የሚመጥጠው በአየር ግፊት እርዳታ ነው፤ በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት ደግሞ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ከሮቶው ወደ ማሽኑ የሚወስደው ቱቦ አጭር፣ የማይጨማደድ፣ ቢያንስ የሦስት አራተኛ ኢንች ስፋት ያለው ይሁን። መግቢያው ላይ ፈታተው የሚያጥቡት ዓይነት ፊልትሮ ያስገቡበት፤ ሮቶ ሥር የሚተኛውን አሸዋ ፓምፕ አይወደውም።

ሦስተኛ፦ ሊትርና ባርን ያዛምዱ

ለዲቴይሊንግ፣ ማለትም ለጥንቃቄ የመኪና ጽዳት፣ የሚበጀው በደቂቃ ከ9 እስከ 12 ሊትር፣ ኖዝሉ (የሽጉጡ አፍንጫ) ላይ ደግሞ ከ80 እስከ 120 ባር ነው። ከ80 ባር በታች የደረቀ ጭቃ ያለፋል፤ ከ120 በላይ ደግሞ ቀለሙን እየጠበቁ መሥራት ይጀምራሉ። በተለይ እኛ ዘንድ። ከሚያጥቧቸው መኪኖች ውስጥ ስንቱ ጋራዥ ገብቶ በስቱኮ ተሞልቶ እንደገና የተቀባ እንደሆነ ከውጭ ሲያዩት አይታወቅም። የፋብሪካ ቀለም የሚችለውን ግፊት የስቱኮ ቀለም አይችለውም፤ አንዴ ጠርዙ ከተነሳ እንደ ወረቀት ተገልጦ ይወጣል፣ ባለቤቱም «እኔ ሳመጣት ደህና ነበረች» ይላል።

በአሜሪካ ልማድ የተለጠፈ ማሽን ሲገጥምዎ ቁጥሩን እንዲህ ይመልሱት። ፒኤስአይ የሚለውን ለ14.5 ሲያካፍሉት ባር ይሆናል፤ 2,500 ፒኤስአይ ማለት 172 ባር ነው። ጋሎኑን በ3.8 ሲያባዙት ሊትር ይሆናል፤ 2.5 ጋሎን በደቂቃ 9.5 ሊትር ነው። ሌላው ማስተዋል የሚገባው ነገር «ማክስ» የሚለው ቃል ነው። ርካሽ ማሽን ላይ ከፍተኛው ግፊትና ከፍተኛው የውሃ መጠን ጎን ለጎን ይታተማሉ፤ ሁለቱ ግን በአንድ ጊዜ አይገኙም። የሚፈልጉት በሥራ ላይ ያለውን ቁጥር ነው፤ ከማሽኑ ላይ ካጡት ፓምፑ ላይ የተቸነከረችውን ትንሽ ሳህን ያንብቡ።

ሲኖትራክና አይሱዙ ሥራቸው ሌላ ነው። የሻንሲ ጭቃና የሞተር ግሪስ ለማውረድ 15 ሊትርና ከ150 ባር በላይ ያስፈልጋል፤ ይህም 389 ሲሲ የሚያህል ሞተር ይጠይቃል። ለሁለቱም በአንድ ማሽን እሠራለሁ ካሉ ትልቁን ገዝተው በኖዝል ያለዝቡታል፤ ትንሹን ገዝቶ ማጠንከር ግን አይቻልም።

አራተኛ፦ የሞተሩን ጉልበት በሚሠሩበት ከፍታ ያስሉ

ይህ ክፍል ውጭ አገር በተጻፈ መመሪያ ውስጥ ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው፤ ለደጋ ሰው ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ሞተር ቤንዚኑን የሚያቃጥለው በአየር ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ሆንዳ ለእነዚህ ትናንሽ ሞተሮች ባወጣው መመሪያ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት እንደሚጠፋ ይገልጻል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ 14 በመቶ ይጠፋል። አዲስ አበባ በ2,350 ሜትር አካባቢ 27 በመቶ፣ ደብረ ብርሃን በ2,800 ሜትር ገደማ ሲሶው ይጠፋል።

አሁን ስሌቱን ይሥሩ። ባሩን በሊትሩ ያባዙና ለ600 ያካፍሉ፤ የሚመጣው ቁጥር ውሃው ብቻ የሚፈልገው ኪሎዋት ነው። ፓምፑ ራሱ የሚያባክነው ስላለ ውጤቱን እንደገና ለ0.85 ያካፍሉ። 170 ባርና 10 ሊትር የሚል ማሽን ከሞተሩ 3.3 ኪሎዋት ይፈልጋል። ጂኤክስ200 የሚባለው የሆንዳ 196 ሲሲ ሞተር በደቂቃ 3,600 ዙር ሲዞር 4.1 ኪሎዋት ይሰጣል። ዱባይ ላይ ይበቃል፣ ይተርፋልም። አዲስ አበባ ላይ ግን ያው ሞተር 3 ኪሎዋት ብቻ ስለሚቀርለት ሽጉጡን በከፈቱ ቁጥር እያቃሰተ ይወርዳል። 100 ባር ላይ ብናወርደው ግን የሚፈለገው 2 ኪሎዋት ነው፤ በምቾት ይሠራል። ለመኪና የሚያስፈልገንም ይኸው ስለነበር ከፍታው የወሰደብን የማንፈልገውን ግፊት ነው ማለት ይቻላል። ጥያቄው እንዴት እናውርደው ነው፤ መልሱ ኖዝሉ ክፍል ላይ ይመጣል።

ስለ ሞተሩ ሁለት ነገር ልጨምር። የፈረስ ጉልበት የሚለውን ስቲከር አይመኑ፣ ሲሲውን ይመኑ። 196 ሲሲ ሞተር ላይ 6.5 ወይም 7 ቢለጠፍበትም 5.5 ብለው ይያዙት። ከቻይና የሚመጡት የጂኤክስ ቅጂዎች በየውሃ ፓምፑና በየጄኔሬተሩ ላይ ስላሉ ካንዴላውም፣ ካርቡሬተሩም፣ ማስነሻ ገመዱም የትም ይገኛል፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ኦሪጅናል ሆንዳ ተብሎ ከተሸጠልዎት ግን ስቲከሩን ትተው ሞተሩ ብረት ላይ የተመታውን ተከታታይ ቁጥር ይፈልጉ፤ ቁጥሩ ከሌለ ወይም የተፋቀ ከሆነ የቅጂውን ዋጋ ይክፈሉ።

ሁለተኛው፣ ከ1,500 ሜትር በላይ ዘወትር የሚሠራ ሞተር ካርቡሬተሩ ላይ ነዳጅ የሚለካው ጄት በትንሽ ቀዳዳ መቀየር ይኖርበታል። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ይበዛበታልና። ጥቁር ጭስ ካወጣ፣ ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰ፣ ቤንዚን ከበላ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ሲገዙ ይህን የሚያስተካክልልዎ ሜካኒክ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ። የተቀየረለትን ማሽን ወደ ቆላ ይዘው ሲወርዱ ግን ጄቱ መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ ነዳጁ ያንሰውና ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል።

አምስተኛ፦ ገንዘቡን ፓምፑ ላይ ያውሉ

ሞተር ይጠገናል። ርካሽ ፓምፕ ግን ይጣላል። ከሦስቱ የፓምፕ ዓይነቶች መጀመሪያ የሚያገኙት ሞተሩ ዘንግ ላይ በቀጥታ ተሰክቶ በተዘነበለ ሳህን ፒስተኖቹን የሚገፋው ነው። ትንሽ፣ ቀላል፣ ርካሽ ነው፤ የራሱን ግቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚያጥብ ሰው የተሠራ ነው። በቀን ስምንት መኪና ለሚያጥብ ግን ወራት ቢቆይለት ነው። በዚሁ አሠራር ጠንከር ተደርጎ የተሠራ ሁለተኛ ዓይነት አለ፤ እድሜው ይሻላል፣ ጠባዩ ግን ያው ነው።

ሦስተኛው ትሪፕሌክስ የሚባለው ነው። ሦስት የሴራሚክ ፒስተኖች ጎን ለጎን አሉት፣ ራሱ ከናስ የተሠራ ነው፣ የራሱ ዘይትና የዘይት መመልከቻ መስታወት አለው። በቺንጋ ወይም በዙር መቀነሻ ጥርስ ሲገናኝ ከሞተሩ በግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር አይግልም፣ ቶሎም አያልቅም። ከሁሉ በላይ ይፈታል። ማኅተሙ ሲያልቅ ማኅተም፣ ቫልቩ ሲያልቅ ቫልቭ ተቀይሮለት ሥራ ይቀጥላል፤ በአግባቡ ከተያዘ ዕድሜው በሺህ ሰዓታት ይቆጠራል። ገንዘብዎ ትሪፕሌክስ ከቅጂ ሞተር ጋር ወይም ኦሪጅናል ሆንዳ ከርካሽ ፓምፕ ጋር የሚል ምርጫ ውስጥ ከከተተዎ ያለ ማመንታት የፊተኛውን ይውሰዱ።

ሱቁ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «የዚህ ፓምፕ ማኅተምና ቫልቭ አለህ? አሳየኝ።» እጁ ላይ ካለ የማሽኑን ሒሳብ ሳይጨርሱ አንድ ሙሉ ስብስብ አብረው ይግዙ። «ይመጣል» ካለዎት ሌላ ሱቅ ይሞክሩ።

ሽጉጡን ሲለቁት ሞተሩ እየሠራ ውሃው ግን መውጫ ያጣል። በዚህ ጊዜ አንሎደር የሚባለው ቫልቭ ውሃውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በብዙ ማሽኖች የሚመለሰው እዚያው ፓምፑ ውስጥ ነው፤ ያችው ውሃ እየዞረች በደቂቃዎች ውስጥ ትፈላለች፣ ማኅተሙንም ታበስለዋለች። ሽጉጡን ከሁለት ደቂቃ በላይ የማይነኩት ከሆነ ሞተሩን ያጥፉ። ለዲቴይሊንግ ሥራ ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም፤ አረፋ ረጭተው፣ በስፖንጅ አሽተው፣ ሪም ቦርሸው እስኪመለሱ አሥር ደቂቃ ያልፋል። ስለዚህ የሚመለሰውን ውሃ በተለየ ቱቦ ወደ ሮቶው የሚልክ ማሽን ቢያገኙ ይምረጡ፤ ትሪፕሌክስ ላይ ይህን ማስገጠም ይቻላል። ውሃው ሮቶው ውስጥ ስለሚቀዘቅዝ ፓምፑ አይጎዳም።

ስድስተኛ፦ ኖዝል፣ ቱቦና አረፋ

የኖዝል ቀለም የውሃውን ስፋት ይናገራል። ቀዩ ዜሮ ዲግሪ ነው፤ ከሥራ ቦታዎ ያርቁት፣ ብረት ላይ ስም ይጽፋል። ቢጫው 15፣ አረንጓዴው 25፣ ነጩ 40 ዲግሪ ነው፤ ጥቁሩ ለሳሙና ነው። ለቀለም ነጩን፣ ለጎማ ቤትና ለታችኛው ክፍል አረንጓዴውን ይጠቀሙ።

ቀለሙ የማይነግርዎ ግን የቀዳዳውን መጠን ነው፤ እሱ በቁጥር ተመትቶበታል። «25045» ከተባለ 25 ዲግሪ፣ መጠኑ 4.5 ነው። ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ፓምፑ ያንኑ ሊትር በዝቅተኛ ግፊት ያወጣል። ከላይ ያየነው 170 ባር፣ 10 ሊትር ማሽን ሲሸጥ 3.5 አካባቢ የሆነ ኖዝል ይዞ ይመጣል። እሱን አውጥተው 4.5 ቢያስገቡበት ግፊቱ ወደ 95 ባር ይወርዳል፣ 5.5 ቢያስገቡ ወደ 63። ሊትሩ ግን አይነካም። ሞተሩም ያነሰ ጉልበት ስለሚጠየቅ ማቃሰቱን ያቆማል። ለአዲስ አበባ ሰው ከማሽኑ ጋር የሚገዛው የመጀመሪያው ዕቃ ይህ ነው፤ ከመላው ዕቃ ሁሉ ርካሹም እሱ ነው። ግፊቱን በአንሎደሩ ብሎን ለማስተካከል የሚሞክሩ አሉ፤ ያ ውሃውንም አብሮ ይቀንሳል፣ ቫልቩንም ያስለፋዋል።

ቱቦው 15 ሜትር ድረስ ተራው ይበቃል። መኪናውን ሳያንቀሳቅሱ ዙሪያውን ለመድረስ 20 ወይም 30 ሜትር ከፈለጉ ውስጡ የሦስት ስምንተኛ ኢንች ስፋት ያለውን ይያዙ፤ ቀጭኑ በመንገድ ላይ ግፊቱን ይበላዋል። ደረቅ ፕላስቲክ ቱቦ ጠዋት በብርድ ይገተራል፣ የመኪናውን ጠርዝም ይፍቃል።

ወንድም ወይም እህት ከአሜሪካ ማሽን ከላኩልዎ ቤንዚን ስለሆነ ቮልቴጅ አያሳስብዎትም፤ የሚያስቸግረው ማያያዣው ነው። የአሜሪካ የውሃ ቱቦ ጥርስ ከእኛ ቧንቧ ጥርስ ጋር አይገጥምም፤ መቀየሪያውን አብረው እንዲልኩ ይንገሯቸው። ኤም22 የሚባለው የሽጉጥና የቱቦ ማያያዣም ሁለት ዓይነት ነው፤ የመካከለኛው ቀዳዳ 14 ሚሊሜትርና 15 ሚሊሜትር። ከውጭ አንድ ናቸው፣ ይታሰራሉም፤ ውሃ ሲመጣ ግን ይረጫሉ። ከማሰርዎ በፊት በካሊፐር ይለኩ።

የአረፋ ጠርሙሱ ውስጥም ትንሽ ቀዳዳ አለች። በደቂቃ 10 ሊትር ለሚያወጣ ማሽን 1.25 ሚሊሜትሩ ይስማማል፤ 1.1 የሆነው ለትናንሽ የኤሌክትሪክ ማሽኖች ነው። አረፋው ውሃ ውሃ ካለ ሳሙናውን ከመጨመርዎ በፊት ይህችን ይዩ።

ሰባተኛ፦ ሳያስነሱ አይግዙ

ውሃ በሌለበት ማሽን አስነስቶ «ስማው፣ ሞተሩ እንደ ሰዓት ነው» የሚል ነጋዴ ፓምፑን እየገደለ ነው። ባልዲም ቢሆን ውሃ ይቅረብ። ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን በእጅዎ ነክተው ያረጋግጡ፤ ቀድሞ ካሞቀው አንድ የሚደብቀው ነገር አለ። ሽጉጡን ተጭነው የታመቀውን ግፊት ያስወጡና ገመዱን ይሳቡ። ሦስት አራት ጊዜ ሲሳብ መነሳት አለበት።

ከዚያ ሽጉጡን ጀሪካኑ ውስጥ ከፍተው ሰዓት ይያዙ። 10 ሊትር የተባለ ማሽን 20 ሊትሩን በሁለት ደቂቃ ገደማ መሙላት አለበት። ሦስት ደቂቃ ከፈጀ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው። ሲከፍቱትና ሲዘጉት ሞተሩን ያዳምጡ፤ ለቅጽበት ዝቅ ብሎ መመለስ ጤና ነው፣ ከዚያ ማለፍ ግን አይደለም። ቱቦው በእጅዎ ውስጥ የሚመታ ከሆነ ወይ አየር ያስገባል ወይ ቫልቭ አልቋል። ፓምፑ ሥር ካርቶን አንጥፈው አሥር ደቂቃ ያሠሩት፤ ካርቶኑ ላይ ዘይት ከነጠበ ይተዉት። በመጨረሻ ያጥፉትና ሞቆ ሳለ እንደገና ያስነሱት፤ ሞቆ እምቢ የሚል ማሽን ደንበኛ ፊት ያዋርዳል።

ስምንተኛ፦ ሥራ ሲጀምሩ

በተዘጋ ጋራዥ፣ በቆርቆሮ ሼድ ወይም በሕንፃ ምድር ቤት ማቆሚያ ውስጥ አያስነሱት። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰውም ሳይነቃ ይገድላል። ማሽኑ ውጭ ይቁም፣ ቱቦው ይግባ። ሽጉጡን ወደ ሰው ወይም ወደ ራስዎ እጅ አያዙሩ። ውሃው ቆዳ ከበሳ ቁስሉ የመርፌ ያህል ቢሆን እንኳ ውስጡን ሊያበላሸው ስለሚችል በፋሻ ጠቅልለው ሥራዎን አይቀጥሉ፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂዱ። ጆሮ መሸፈኛም ይግዙ።

ከጎማ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ይራቁ፤ በቅርብ የተመታ የጎማ ጎን ዛሬ ባይፈነዳም ነገ መንገድ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ሞተር ክፍል ሲከፈት ዲናሞና ፊውዝ ሳጥን አካባቢ ግፊት አይርጩ። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ደንበኛዎ እየበዛ ነው የሚሄደው፤ ቻርጅ ላይ ያለ መኪና አይጠቡ፣ የቻርጅ ክዳኑ መዘጋቱን አይተው ይጀምሩ፣ ወደ ክዳኑም በቀጥታ አይርጩ።

አዲሱ ሞተር የመጀመሪያ ዘይቱ ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ ይቀየራል፤ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ። የሚገባው 0.6 ሊትር ብቻ ስለሆነ ለመቆጠብ አይሞክሩ። የአየር ፊልትሮውን መመሪያው በየ50 ሰዓቱ አጽዱ ይላል፤ አቧራ ባለበት ሰፈር በየሳምንቱ ያራግፉት። የትሪፕሌክስ ፓምፕ ዘይት መጀመሪያ በ50 ሰዓት፣ ቀጥሎ በየ500 ሰዓቱ ይቀየራል፤ መስታወቱ ውስጥ ዘይቱ ነጭ ወተት መስሎ ከታየ ግን ውሃ ገብቶበታልና ሰዓቱን ሳይጠብቁ ማኅተሙን ያስቀይሩ። ከወር በላይ የሚያቆሙት ከሆነ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን ያፍሱት፤ የቆየ ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ያችን ጠባብ ጄት ይደፍናታል።